በደቦ የተሠራው የቤት ሥራ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሀኒ አብዱልሀሚድ
ዓሰብ

አስቸኳይና እጅግ አሳዛኝ መግለጫ!

የዓሰብ ወደብ ሠራተኞች በሙሉ ሥራቸውን አቁመው፣ መርከቦችም ጡሩምባቸውን ዘግተው ያዳምጡ። በአልዩ አምባ ተወልዳ ያደገች፣ በመልክም በጨዋታም ታላቅ እህቷን የምታስከነዳ፣ ነሲባ አብዱልሀሚድ የተባለች የተልእኮ ትምህርት ተማሪ፣ በፈጸመችው ከባድ ጥፋት ዛሬ ጠዋት በደብረ ብርሃን ከተማ ለጥያቄ ቀርባለች። የነገሩ መጨረሻ እስኪታወቅ ወዳጅ ዘመድ በያለበት እንዲረጋጋ፣ ኡሙሀኒ የተባለችው እህቷም እንደ ልማዷ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ማልቀስ እንዳትጀምር በጥብቅ እናሳስባለን።

እታለም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። በይ አሁን ተቀመጪ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። እማማ ደህና ናት። አባባም ደህና ነው፣ የእኔን ስም ሰው ካላነሳበት። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ከአፍንጫዬ በቀር ሙሉ ነኝ፤ አፍንጫዬን የደብረ ብርሃን ብርድ ወስዶታል፣ ሲመልስልኝ እጽፍልሻለሁ። ባልሽ ረሺድስ እንዴት ነው? አሁንም ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ከወደብ ሲገባ ድመቶቹ ተሰልፈው ይቀበሉታል? ሰላም በይልኝ፣ ይህችን ግን አታንብቢለት።

ለጥያቄ ቀርባለች ያልኩሽ ግን ውሸት አይደለም። እውነትም ተጠርቼ ነው የመጣሁት። ይህን የምጽፍልሽ ከተልእኮ ትምህርት ቢሮ ኮሪደር፣ ከአንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። የወንበሯ አንደኛው እግር አጭር ስለሆነ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር አብራኝ ትንቀሳቀሳለች። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ። ፊደሉ ከመስመር ቢወርድ እሷን ውቀሺ።

አጎቴ ፈረጅ ሊጠብቀኝ አብሮኝ መጥቷል። ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር አቀበቱን ስንወጣ ሲያቃስት፣ ከአንኮበር እስከዚህ መኪናው ላይ ሲያስመልሰው ቆይቶ፣ አሁን በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ከጎኔ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ አገር ብርድ በሚዛን ቢሸጥ እኔ ይኼኔ መካ ደርሼ መጥቼ ነበር» አለኝ አሁን።

ሳቅሁ፣ ወንበሯም ሳቀች።

«ነሲባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ተቀመጪ!»

«ወንበሩ ነው አጎቴ።»

«ወንበሩማ አንቺ ሳትመጪ አርፎ ተቀምጦ ነበር።»

በሌላ ጎኔ ወልደተንሣኤ የሚባል የአንኮበር ዲያቆን አለ። እሱም እንደኔ የተልእኮ ተማሪ ነው፣ እሱም እንደኔ ተጠርቶ ነው። በጣም ስለፈራ ነጠላውን እየጠቀለለ እየፈታ ሲያስጨንቀኝ ጊዜ ልረዳው ፈለግሁ። «እዚህ ቢሮ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው፣ አልነገሩህም እንዴ?» አልኩት። «እውነት?» አለ። «አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ታወልቅ የለም? እኛም መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን። እውቀትስ ከማን ያንሳል?» አልኩት። ይኸው አሁን ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ አሰልፎ፣ በዚህ ውርጭ ባዶ እግሩን ገብቷል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ለትንሽ ጊዜ የራሴን ፍርሃት ረሳሁት።

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ።

አይ፣ ጸሐፊዋ ናት። ወረቀት ይዛ አለፈች። እግሬን ልሰብስብ ብዬ ወንበሯን ረገጥኳት፤ አጎቴ እንደገና ተቆጣ። የት ደርሼ ነበር?

አንቺ ስለ ተልእኮ ትምህርት ምን ታውቂያለሽ? ምንም። እኔም አላውቅም ነበር። አንቺ ስታገቢ ሱቁ ውስጥ ያንቺን ቦታ የሚይዝ ጠፋና እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጣሁ። ይህን ያነሳሁት ልወቅስሽ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም አረፈ፣ መስኮቶቹም ተረፉ። አምና ገብረአብ፣ ያ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ፣ «ያቋረጣችሁ በፖስታ መማር ትችላላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ይዞ መጣ። አስተማሪ የለም፣ ክፍል የለም፣ ደወል የለም። መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፣ መልስሽ በፖስታ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ ስኳርና ሳሙና እየሸጥኩ ልማር የምችለው ይህን ብቻ ነው አልኩና ተመዘገብኩ። አባባ ሲሰማ «መቼም አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጠሽ» አለ እንጂ አልከለከለኝም።

ግን እታለም፣ መንገዱን ማግኘቱ ነበር ጣጣው! ጥራዞቹ በሲባጎ ታስረው ሲመጡ ሁለተኛው ቀድሞ መጣ፤ አንደኛው ወር ቆይቶ ደረሰ። ስለዚህ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ሳላውቅ በመቶኛ ውስጥ ገባሁ። ጥራዙ ደግሞ እንደ ሰው ያናግርሻል። «ውድ ተማሪ፣ አሁን ወደ ምዕራፍ ሦስት ተመለስ» ይላል። ምዕራፍ ሦስት ያለው ባልመጣው ጥራዝ ውስጥ ነው። «ይህን ካልተረዳህ ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልከት» ይላል። ከላይ ያለው ሥዕል የላም ጨጓራ ነው፣ ጥያቄው ስለ ዓባይ ወንዝ። ከዚያ ደግሞ «መልሶቹ ከጥራዙ መጨረሻ አሉ፤ ሳትሠራ ግን እንዳታይ» ይላል። ለእኔ ነው እንዳታይ የሚለው? አንቺ የዒድ ልብስሽን የት እንደደበቅሽ በአንድ ቀን ያገኘሁትን ልጅ? መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ ነበር የመጣው። ከእኔ የባሰች ተማሪ ሳትቀድመኝ አልቀረችም።

ሁልጊዜ ደግሞ በወንድ ነው የሚያናግረኝ። እኔም ተናድጄ በየገጹ «አንተ» የሚለውን ሁሉ በቢክ እየሰረዝኩ «አንቺ» አልኩት። ይህን ስጨርስ ሳላውቀው ጥራዙን አንብቤ ጨረስኩት።

ከየጥራዙ ጀርባ አረንጓዴ የመልስ ወረቀት አለ። እሱን ገንጥለሽ፣ የተማሪ ቁጥርሽን ጽፈሽ ትልኪዋለሽ። ገብረአብ አንኮበር ያደርሰዋል፣ ከዚያ እዚህ ይመጣል፣ ከዚያ ሰማይ ይሁን ምድር የማላውቀው ቦታ ይከርምና በቀይ ቀለም ታርሞ ይመለሳል። አራሚው ስሙን አይጽፍም። ከግርጌ «ዘ.ዳ.» ይላል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ወረቀቴ ላይ የብርጭቆ ክብ አገኘሁ። የሚቀጥለውን ወረቀት ስልክ ጥጉ ላይ «መምህር ሆይ፣ ሻይዎ እንዳይፈስ ቤት ሥራዬን ማንጠፍዎን ወድጄዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሲመለስ ምን ይላል? «ሻይ አይደለም፣ ቡና ነው። ጥያቄ አራት ስህተት ነው።» ከዚያ በኋላ ወረቀት በላክሁ ቁጥር መልሱ እስኪመጣ መቀመጥ አቃተኝ። የገብረአብን በቅሎ ኮቴ ከሩቅ ለየሁት። እማማ «ይህች ልጅ ባል የምትጠብቅ ነው የምትመስለው» አለች። እኔ የምጠብቀው ቀይ ቀለም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በዚህ መስከረም የስድስተኛ ክፍሉ የቤት ሥራ ሲመጣ ከላይ «እነዚህን ጥያቄዎች በአካባቢህ ካለው የጥናት ቡድን ጋር ተወያይተህ ሥራ» ይላል። አልዩ አምባ ውስጥ የጥናት ቡድን የት አለ? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ቀደም ሲል አንቺ ነበርሽ የጥናት ቡድኔ። ከዚያ አጎቴ ፈረጅ ለኅዳሩ የማሽላ አጨዳ ከወዲሁ ደቦ እንጥራ ሲል ሰማሁ። ወዲያው በራልኝ። ማሽላ በደቦ ከታጨደ፣ ቤት በደቦ ከተከደነ፣ የቤት ሥራ ምን ያንሰዋል?

ደቦ ጠራሁ። በደቦ ደንብ ጠሪው ማብላት አለበትና ንፍሮ ቀቀልኩ፣ የገብስ ቀሪቦ ጠመቅሁ። ሦስት ሰው መጣ። አጎቴ ፈረጅ «ሚዛን ያለበትን ለእኔ» ብሎ ሒሳቡን ወሰደ። ጎረቤታችን ሰሊሃ፣ ያቺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ሕፃን አያያዝ ያለውን ወሰደች፤ የእሷ ፊደል አንዱ ፍየል ያክላል። ገብረአብ ስለ አገርና ስለ አየር ጠባይ ያለውን ወሰደ። እኔ የቀረውን ያዝኩ። ንፍሮ እያደልኩ፣ «አይዞህ! በርታ!» እያልኩ፣ በየመሀሉ እየዘፈንኩ ሠራን። አጎቴ «ዝናብ እንዴት ይፈጠራል?» ለሚለው ገብረአብ የጻፈውን ሲያነብ ቀሪቦው በአፍንጫው ወጣ። «ሰፊው ሕዝብ በተባበረ ክንዱ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ያኔ እንደገና ልገልብጠው ይገባኝ ነበር ትያለሽ። ታዲያ በደቦ የሌላውን ድርሻ መልሶ ማጨድ ነውር አይደለም? ሰውዬውን ሥራህ አልጣመኝም እንደ ማለት ነው። እያንዳንዱ በገዛ እጁ በአረንጓዴው ወረቀት ላይ እንደጻፈው አሽጌ ላክሁት። እንዲያውም ኮርቼ ነበር።

መልሱ በዚህ ሰኞ መጣ። ገብረአብ በቀጥታ ለእኔ ሰጥቶኝ ቢሆን መልካም ነበር። እሱ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ካየ አዋጅ ይመስለዋል። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ አባባ ባለበት፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ አነበበው። «ተማሪ ነሲባ አብዱልሀሚድ! የላኩት የቤት ሥራ በአራት የተለያየ እጅ የተጻፈ ሆኖ ስለተገኘ፣ በአካል ቀርበው ካላስረዱ ስምዎ ከመዝገብ ተሰርዞ ከትምህርቱ ይሰናበታሉ!»

እማማ «ወዴት ነው የምትሰናበተው?» ብላ ጮኸች።

አባባ ግን ገበያተኛው እስኪበተን ጠበቀ። ከዚያ «ነሲባ፣ ነይ» አለኝ። ነገሩን ሳትሰሚ አትቀሪም፤ አንድ የደብረ ሲና ሰውዬ፣ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ የሚሸጥ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኛል። ደግ ሰው ነው ይላሉ። ከሚሸጠው ጎማ ውስጥ እኔን በዕድሜ የሚበልጥ አለ፣ እሱ ደግሞ ከጎማው ይበልጣል። አባባ ሁለቱንም ጊዜ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ ነው የመለሳቸው።

«እኔ ለሽማግሌ የሰጠሁት ምክንያት ትምህርትሽ ነው» አለኝ። «ትምህርቱ ከሌለ ምክንያቱም የለም። ሄደሽ አስረጂ። ስምሽን ከሰረዙት የፊታችን ጁምዓ ሲመጡ ቃሌን እሰጣለሁ።»

አልተቆጣም፣ እታለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ስትጠየቂም እንደዚሁ ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። «እሺ» ስትዪ እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

በሩ ተከፈተ። ዲያቆኑ ነው። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጥቶ አፍጥጦ አየኝ። «ነሲባ አብዱልሀሚድ!» ይላል ከውስጥ አንድ ድምፅ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዱዓ አድርጊልኝ፣ ይህን ስታነቢ ግን አልፏል።

...

አልፏል። አሁን ያለሁት ሻይ ቤት ነው። ይህኛው ወንበር አራት ደህና እግር አለው፣ እኔ ግን አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። እንደሆነው እንደሆነው ልንገርሽ።

ገባሁ። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በጥራዝ ክምር ተሞልቷል። ከክምሩ ኋላ አንድ ትንሽዬ ሽማግሌ፣ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ጆሯቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው መጀመሪያ እግሬን አዩ።

«አንቺ ጫማሽን አላወለቅሽም?»

«ለሴት አይመለከትም፣ መምህር።»

«ለዲያቆን ብቻ ነው?»

እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«ዘርአ ዳዊት እባላለሁ» አሉ፣ ብርጭቆ ከወረቀት ላይ እያነሱ። «ይህም ቡና ነው፣ እንዳትሳሳቺ።»

እታለም፣ ዘ.ዳ. እሳቸው ናቸው! ዓመት ሙሉ ጢማም ቁጡ ሰው አድርጌ ስስላቸው ነበር። ልስቅ ስል ያንን አረንጓዴ ወረቀት ፊቴ ዘረጉት፤ ሳቁ ጠፋ።

«ከነዚህ እጆች ያንቺ የትኛው ነው?»

«ዝንብ ቀለም ነክታ የሄደችበት የሚመስለው።»

«ይሄ ፍየል ፍየል የሚያክለውስ?»

«የሰሊሃ ነው፣ የጎረቤቴ።»

«በተባበረ ክንዱ ዝናብ ያዘነበው?»

«የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ።»

በሻርፑ አፋቸውን ሸፈኑ። ብርዱ ይሁን ሳቁ እንጃ። ከዚያ ጣታቸውን ሒሳቡ ላይ አሳረፉ። «ሰማንያ ኪሎ ጤፍ ያለው ገበሬ ሃያ አምስት በመቶውን ለዘር ቢያስቀር የቀረው ስድሳ ኪሎ ነው። እዚህ ግን ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ከሩብ ይላል። የሌሎቹ ስህተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ይሄኛውን ግን ሁለት ቀን አስቤ አጣሁት። ማን ነው የሠራው?»

«አጎቴ ፈረጅ። ውጭ ነው ያለው።»

«እንዴት ሠራው?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር።

«ተወያይተሽ ሥሪ ነው የተባልሽው። ሰው ጠርተሽ አሠራሽ እንጂ አልተወያየሽም» አሉኝ። ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁን ወረቀቱን እሸፍነዋለሁ። ራስሽ ትሠሪልኛለሽ። ካልቻልሽ ስምሽ መዝገቡ ላይ ለምን እንደሚቆይ ንገሪኝ።»

የደብረ ሲናው ሰውዬ ጎማ ሁሉ እላዬ ላይ ሲንከባለል ታየኝ። ዝናብ እንዴት ይፈጠራል አሉኝ። ውኃው ሲሞቅ ተንኖ፣ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ወርዶ፣ ማንም ክንዱን ሳያስተባብር አዘነብኩት። ስለ ውኃ ማፍላት ጠየቁኝ፣ መለስኩ። የላሟን ጨጓራ ክፍሎች ጠየቁኝ፤ ሦስቱን ተናግሬ አራተኛው ጠፋኝ። አሁን ትዝ አለኝ፣ ምን ዋጋ አለው። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝና፦ «አንድ ነጋዴ አርባ ኪሎ ጨው ነበረው። አሥር በመቶው በእርጥበት ሟሟበት። ስንት ኪሎ ቀረው?»

ጻፍኩ። አራት ሄደ፣ ሠላሳ ስድስት ቀረ። አፌን ልከፍት ስል መስኮቱ ተንኳኳ። አጎቴ ፈረጅ! ጨው የሚለውን ቃል ሰምቶ እንዴት ዝም ይበል? በውጭ ዞሮ መጥቶ፣ ሁለት ጋቢውን ለብሶ አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ፣ «ሠላሳ አምስት ከምናምን በይ! ሠላሳ አምስት በይ!» ይላል።

እታለም፣ አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ጨው የመዘነ ሰው ነው፤ በሒሳብ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። እሱ ካለ ልክ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። በእንግዳ ሰው ፊት አጎቴን ተሳስቷል ልበል? መምህሩ ወደ መስኮቱ አላዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ወረቀቴን አየሁት። እንደገና አየሁት። አርባ ነው። አሥር በመቶ ነው። አራት ነው።

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ።

«ሠላሳ አምስት!» አለ መስኮቱ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጎቴ ማንኛውንም ነገር ሲመዝን መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አርባውን ሠላሳ ዘጠኝ ያደርገዋል። ሰማንያውን ሰባ ዘጠኝ። እጁ ሳያስበው ነው የሚቀንሰው! ሮጬ መስኮቱን ከፈትኩት።

«አጎቴ! ጥያቄው ውስጥ ጆንያ የለም!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የጆንያውን ክብደት እየቀነስክ ነው! እዚህ ጨው እንጂ ጆንያ አልተባለም!»

አጎቴ መምህሩን አየ፣ እኔን አየ። «ጆንያ የሌለው ጨው» አለ ቀስ ብሎ፣ «የት አገር ነው ያለው?»

መምህር ዘርአ ዳዊት ጠረጴዛውን መቱ። «ጆንያው! አንዷ ኪሎ ጆንያው ናት! እኔ እኮ ሁለት ቀን!» ብለው ተነሡና መስኮቱ ድረስ መጡ። «የሌለው ወረቀት ላይ ነው፣ ወንድሜ። ወረቀት ላይ ጨው ያለ ጆንያ ይቆማል። አሁን መስኮቱን ልዝጋው፣ ብርድ እየገባ ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙ ጻፉ። እኔ በየትኛው እግሬ እንደቆምኩ አላውቅም።

«ይህን ባዶ አረንጓዴ ወረቀት ትወስጂያለሽ። ሁሉንም በራስሽ እጅ፣ በራስሽ ጭንቅላት ደግመሽ ሠርተሽ ትልኪያለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አርማለሁ። ሥራዬ እኮ ነው።»

«ስሜስ?»

«ስምሽ ምን ሆነ?»

«አይሰረዝም?»

«ሠራሽ እኮ። ምን ብዬ ነው የምሰርዘው?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «በሰኔ የሚኒስትሪ ፈተና ትቀመጫለሽ። ስምሽን አስተላልፋለሁ። እዚያ ግን ብቻሽን ነሽ፣ ነሲባ። ንፍሮም የለ፣ ዘፈንም የለ።»

 አመስግኜ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆምኩና አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። «ጥራዙ ወደ ዓሰብም ይላካል?» አልኳቸው። «ፖስታ የሚደርስበት ሁሉ ይላካል» አሉ። «ማን አለሽ?» ሲሉኝ «ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ በየዓመቱ አንደኛ ትወጣ ነበር» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። እኔ ከአራተኛ ተነሥቼ ደርሼብሻለሁ፣ ይህን ብቻ እወቂ። ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ አልፌሽ እሄዳለሁ፤ ያኔ ታላቅ እህት እኔ ነኝ፣ ውኃ የምትቀጂልኝ አንቺ ነሽ።

አጎቴ ከቢሮው ወጥተን እዚህ ሻይ ቤት እስክንገባ ድረስ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ከፊቴ ነበር የሚሄደው። እኔም ፈራሁ። ለአባባ የሚያወራው እሱ ነው። ልጅህ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ ቢጀምር ስሜ መዝገብ ላይ ኖረ አልኖረ ምን ይረባኛል? ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየ።

«ስድሳ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ስድሳ ነው፣ አጎቴ።»

«ካለ ጆንያው።»

«ካለ ጆንያው።»

ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ለአብዱልሀሚድ እነግረዋለሁ። ፈተና አላት፣ ለደብረ ሲናው ሰውዬ ገና ናት በለው እለዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ ይሰማኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጆንያዋን ነገር ግን አልዩ አምባ ላይ ለሰው ብትናገሪ ጎማውን ራሴ ነኝ የማንከባልልልሽ።»

ስለዚህ ለማንም አልነግርም። ዓሰብ አልዩ አምባ አይደለም።

መኪናው ሊሄድ ነው፣ አጎቴ በር ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው። ጽሑፌ የሚሮጠው ለዚህ ነው። አላህ አንቺንም ረሺድንም ከባሕሩ ሙቀት ከክፉ ዓይንም ይሰውራችሁ፣ ደጃችሁን ሰላም ያድርገው፣ በሆድሽ ያለውንም (እማማ ነገረችኝ፣ አንቺ ግን ለምን ደበቅሽኝ?) በሰላም ያሳይሽ። ሴት ከሆነች በእኔ ስም እንዳትጠሪያት፣ መቀመጥ አትችልም። ቶሎ ጻፊልኝ። ከቻልሽ ረዘም አድርጊው፤ ያለፈው ደብዳቤሽ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የማትናፍቅሽ እህትሽ
ነሲባ አብዱልሀሚድ

እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽና ልሂድ። ያ ሁሉ መግለጫ፣ ያ ሁሉ አቀበት፣ የአጎቴ ማስመለስ፣ የዲያቆኑ እግር፣ ለአንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷን አንድ ጊዜ መድገም፣ በቃ። ይህን ያህል የሚወራ ነገር አልነበረም፣ ትንሽ ነገር ናት። ፊደሌ ከመስመር የሚወርደው ከብርዱ ነው።